ዓይን ምስክር፣ ልብ ዳኛ

«ዓይንን የሚያታልል ሥዕል የምትሐት ጨዋታ እንጂ ሥነ ጥበብ አይደለም» የሚሉ አሉ። እኛ ይህን ፍርድ አንቀበለውም።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1965 ዓ. ም. በኒውዮርክ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም «ዘ ሪስፖንሲቭ አይ» የተባለው የብዙ ሠዓልያን ትርዒት ሲከፈት ሕዝቡ ጎረፈ፤ አያሌ ሐያስያን ግን ናቁት። ከቀረቡት አንዱ የእንግሊዛዊቷ የብሪጅት ራይሊ «ከረንት» ነበር። በነጭ ላይ ከተሰመሩ ጥቁር ሞገዳማ መስመሮች በቀር ምንም የለበትም፤ ነገር ግን ትክ ብሎ ለሚያየው እንደ ወራጅ ውሃ ይንቀሳቀሳል። እንቅስቃሴው ያለው በሥዕሉ ላይ ሳይሆን በተመልካቹ ዘንድ ነው።

ቻርልስ ዊትስቶን በ1838 ዓ. ም. እንዳስረዳው፣ በጥቂቱ የሚለያዩ ሁለት ጠፍጣፋ ሥዕሎች ለየዓይኑ ለየብቻ ቢታዩ፣ አእምሮ አንድ አድርጎ ጥልቀት ይሰጣቸዋል። አንዱ መስተዋት ቀይ፣ ሌላው ሰማያዊ የሆነው መነጽርም የሚሠራው በዚሁ ሕግ ነው።

ይህ ማታለል ከተባለ፣ በጠፍጣፋ ሸራ ላይ ሩቅ ተራራ የሚያሳየው የቀድሞው ሥዕልስ ምን ሊባል ነው? ያኛው ማታለሉን ይሸሽጋል፤ ይኸኛው ይገልጣል።

ዓይን ምስክር ነው፤ ልብ ዳኛ ነው። ምስክሩ እንደሚሳሳት ያላወቀ ዳኛ እንዴት በቅን ይፈርዳል? ሹሙም፣ መምህሩም፣ ተማሪውም ይህን ትምህርት ሊንቁት አይገባም።