ቀጭን ነህ ማለት ጤነኛ ነህ ማለት አይደለም



ዛሬ የምጽፈው በመካከላችን ስለተለመደ አንድ የውሸት ማጽናኛ ነው። አባቶቻችንና እናቶቻችን ኩፓት ሖሊም ሄደው ሚዛን ላይ ይወጣሉ። ነርሷ ክብደታቸውን ከቁመታቸው ጋር ታሰላና «በጣም ጥሩ ነው» ብላ ትሸኛቸዋለች። እኛም «የኛ ሰው ድሮም ቀጭን ነው፣ ምን ይሆናል?» እንላለን። እኔ ይህን አልቀበልም።

ቢኤምአይ የሚሉት ስሌት ክብደትን ለቁመት፣ እንደገና ለቁመት ማካፈል ነው። የስሌቱ መነሻ የ19ኛው መቶ ዘመን የቤልጅግ ምሁር አዶልፍ ኬትሌ ነው። እርሱ የፈለገው የሕዝብን አማካይ ነበር፤ የአንድን ሰው ጤና ለመመርመር አላሰበውም። ሚዛን ስብን ከጡንቻ አይለይም።

እስቲ አብረን እናስላ። ሁለት ወንዶች ቁመታቸው 1.70 ሜትር፣ ክብደታቸው 64 ኪሎ ነው። የሁለቱም ቢኤምአይ 22 ስለሆነ ሁለቱም «ጤነኛ» ተብለው ይሸኛሉ። ነገር ግን የአንደኛው ስብ 15 ከመቶ፣ የሁለተኛው 30 ከመቶ ቢሆንስ? ስቡን ቀንሰን የቀረውን ለቁመታቸው፣ እንደገና ለቁመታቸው ስናካፍል የመጀመሪያው 18.8፣ ሁለተኛው 15.5 ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመው ዓለም አቀፍ የምግብ እጥረት መመዘኛ ለወንድ ከ17፣ ለሴት ከ15 በታች የሆነውን «ጡንቻው አንሷል» ይለዋል። ሁለተኛው ሰው ጡንቻው እያለቀ ነው፤ ሚዛኑ ግን ያመሰግነዋል!

ይህ ለእኛ ቀላል ነገር አይደለም። ከተበላው ምግብ የሚገኘውን ስኳር በብዛት የሚቀበለው ጡንቻ ነው። ከሙሴ ዘመቻ ጥቂት ዓመታት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1988፣ ከኢትዮጵያ በመጡ ወጣት ጎልማሶች ላይ የስኳር በሽታ በብዛት መታየቱ በሕክምና መጽሔት ተጽፏል። ከዚያ ወዲህ የተደረጉ የእስራኤል ጥናቶችም የእኛ ሰው ገና ሳይወፍር ለዚህ በሽታ እንደሚጋለጥ አሳይተዋል። ታዲያ «ቀጭን ስለሆንክ አትስጋ» የሚለው ቃል ለማን ይጠቅማል? በሀገር ቤት እንስራ ተሸክመው ዳገት የወጡ፣ ሞፈርና ቀንበር ይዘው የዋሉ ሰዎች፣ እዚህ ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ሲቀመጡ ጉልበታቸው የት እንደሄደ የሚጠይቅ የለም።

«ጂም ያለው ማሽን ጡንቻዬን ይለካልኛል» ለሚሉ ወጣቶቻችንም አንድ ቃል አለኝ። ማሽኑ ቀላል ኤሌክትሪክ በሰውነት ውስጥ አሳልፎ ይገምታል እንጂ ጡንቻን በዓይኑ አያይም። የሰውነት ውኃ ሲጎድል ስሌቱ ይዛባል፤ በስግድ ወይም በዮም ኪፑር ጾም መጨረሻ ላይ ብትለኩ ያለ ጥፋታችሁ «ጡንቻህ ቀነሰ» ሊላችሁ ይችላል። ብዙዎቹ ማሽኖች ዕድሜም ይጠይቃሉ። እናንተ ወላጆቻችሁን ስታስለኩ የትኛውን ዕድሜ ታስገባላችሁ? ስንገባ የልደት ወረቀት ስላልነበረን የብዙዎቻችን ዕድሜ በግምት ነው የተጻፈው። እንግዲህ ከማሽኑ የአንድ ቀን ቁጥር ይልቅ፣ በአንድ ማሽን፣ በአንድ ሰዓት፣ በወራት ልዩነት የተለካውን ለውጥ ተመልከቱ።

«ይህ ሁሉ የፈረንጅ ጣጣ ነው፣ ጊዜም የለም» የሚል ይኖራል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል! ደግሞም ማሽን የማይፈልግ መለኪያ አለ። የአውሮፓ ሐኪሞች ቡድን እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ ከጡንቻ ብዛት አስቀድሞ የሚታየው ጉልበት ነው። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣምረው ከወንበር አምስት ጊዜ ይነሡ፣ ይቀመጡ። ከ15 ሰከንድ በላይ ከፈጀባቸው፣ ወይም ጨርሶ ካቃታቸው፣ ሐኪም ሊያያቸው ይገባል።

ስለዚህ ልጆች ሆይ፣ ወላጆቻችሁን ለማስተርጎም አብራችሁ ስትሄዱ «ክብደቱ ጥሩ ነው» ሲሏችሁ ዝም ብላችሁ አትውጡ። ቁመታቸው ከድሮ ፋይል ሳይገለበጥ ዛሬ ይለካ፤ ሰው ሲያረጅ ያጥራልና። ስለ ጉልበታቸው ጠይቁ፣ ስኳራቸውም ይመርመር። ምን ዓይነት የጉልበት እንቅስቃሴና ምግብ እንደሚስማማቸው ሐኪሙ ይንገራችሁ። ይህን መጠየቅ ድፍረት አይደለም፣ መብታችን ነው።

ለወላጆቻችን ጤናና ጉልበት ይስጥልን። ቸር ያሰንብተን!