ጉልቻ ቢለዋወጥ ምን ይለወጣል?

«ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» ይላል የአገራችን ብሂል። እንደሚታወቀው አባባሉ ስለ ሹም ሽር እንጂ ስለ ማድቤት የተነገረ አይደለም። ሆኖም ቃሉን እንደ ወረደ ወስደን በሳይንስ ሚዛን ብናስቀምጠው ግማሽ እውነት ሆኖ እናገኘዋለን። የወጡን ጣዕም የሚወስኑት ቅመሙ፣ ቁሌቱና የባለሙያዋ እጅ ናቸውና በዚህ ረገድ ብሂሉ አልተሳሳተም። ነገር ግን ጉልቻው ሲለወጥ አብረው የሚለወጡ ሌሎች ነገሮች አሉ፤ የእናቶቻችን ሳንባ፣ የእኅቶቻችን የጥናት ሰዓት፣ የጉና ተዳፋት አፈር እና የቤታችን ወጪ። በዚህ ጽሑፍ በደብረ ታቦርና በዙሪያዋ ባሉት የደጋ ቀበሌዎች በጥቅም ላይ የሚውሉትን የምድጃ ዓይነቶች እያነጻጸርን የትኛው ለየትኛው ቤት እንደሚበጅ የራሳችንን አቋም ለማቅረብ እንሞክራለን።

ነሐሴ 12 ቀን፣ በቡሄ ዋዜማ፣ በደብረ ታቦር ከፍ ካለ ስፍራ ቆሞ ቁልቁል የተመለከተ ሰው ጉዳዩን በዓይኑ ያየዋል። ሙልሙል ከሚጋገርባቸው ቤቶች የሚወጣው ጢስ እርስ በርሱ ተያይዞ ከተማዋን ይሸፍናታል። ለበዓሉ ድምቀት ቢመስልም ይህ ጢስ በኬሚስትሪ ዓይን ሲታይ በሙሉ ሳይቃጠል የባከነ ነዳጅ ነው። ከዚህችው ከተማ አጠገብ በጋፋት፣ እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ፣ የዐፄ ቴዎድሮስ ባለሙያዎች ብረታ ብረት አቅልጠው ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ አፍስሰዋል። እሳትን በምድጃ አፍኖ ኃይሉን ወደሚፈለገው ቦታ መምራት ለአካባቢያችን አዲስ ጥበብ አይደለም ማለት ነው። ያ ጥበብ ግን ከመድፍ ማፍሰሻው ወደ ማድቤቱ ሳይደርስ ቀርቷል።

የደጋው ግብር

ምድጃዎችን ከማነጻጸራችን በፊት የምንኖርበትን ከፍታ ማሰብ ይኖርብናል። ደብረ ታቦር ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ የጉና ተራራ ጫፍ ደግሞ ከ4,000 ሜትር ያልፋል። በ2,700 ሜትር ከፍታ የአየር ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ወደ 73 በመቶ ዝቅ ይላል። በዚህም ምክንያት ውኃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ91 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ነው። ብዙ ኬሚካዊ ለውጦች ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲቀንስ ፍጥነታቸው በግምት በግማሽ ስለሚወርድ፣ በቆላ በአንድ ሰዓት የሚበስል ባቄላ ወይም ሽንብራ በእኛ አገር ሁለት ሰዓት ሊጠጋ ይችላል። እሳቱን ማጋጋም ለዚህ መፍትሔ አይሆንም፤ የሚንተከተክ ውኃ የቱንም ያህል ቢነድበት በፍጥነት ይተናል እንጂ ከ91 ዲግሪ በላይ አይሞቅም።

ስለዚህ የመጀመሪያው ምክራችን ስለ ድስት ነው። ድስቱን መክደን፣ ጥራጥሬን አሳድሮ መዘፍዘፍ፣ ከፈላ በኋላም እሳቱን መቀነስ ምንም ወጪ አይጠይቁም። ፕሬዠር ኩከር በመባል የሚታወቀው በእንፋሎት ግፊት የሚያበስል ድስት ደግሞ የውኃውን ሙቀት እስከ 115 ዲግሪ ገደማ ስለሚያደርሰው ደጋው የነጠቀንን ከነትርፉ ይመልሳል። ለጉና ሰው ይህ ድስት ከብዙ ዘመናዊ ምድጃ የበለጠ ዋጋ አለው ብለን እናምናለን።

ከዛፉ እስከ ድስቱ

ምድጃ ሲመረጥ ብዙውን ጊዜ የሚታየው በማድቤት ውስጥ ያለው ብቻ ነው፤ መፍጠኑ፣ አለመጨሱና ዋጋው። እኛ ግን ሒሳቡ ከዛፉ ተጀምሮ እስከ ድስቱ መታሰብ አለበት እንላለን። ሁለት ሊትር ውኃን ከ15 ወደ 91 ዲግሪ ለማሞቅ 636 ኪሎ ጁል ያስፈልጋል። ይህን በየምድጃው እናስላው።

ሦስት ጉልቻ ከነደደው እንጨት ኃይል ለድስቱ የሚያደርሰው 12 በመቶ ያህሉን ነው ብንል፣ አንድ ኪሎ ግራም ደረቅ እንጨትም 15 ሜጋ ጁል ይሰጣል ብንል፣ ለዚህ ሥራ 350 ግራም ገደማ እንጨት ይፈጃል። ብቃቱ 25 በመቶ የሆነ የተሻሻለ የእንጨት ምድጃ በ170 ግራም ይወጣዋል። ወደ ከሰል ስንመጣ ማንደጃው 20 በመቶ ብቃት አለው እንበል። የአንድ ኪሎ ግራም ከሰል ኃይል ወደ 29 ሜጋ ጁል ስለሚጠጋ 110 ግራም ከሰል ይበቃል። ከሰሉ ከእንጨቱ ያነሰ ስለሆነ ቁጠባ ይመስላል። ነገር ግን በአፈር ተሸፍኖ በባህላዊ ዘዴ ሲከሰል ከእንጨቱ ክብደት 15 በመቶ ያህሉ ብቻ ከሰል ሆኖ ይወጣል፤ የቀረው ጫካ ውስጥ በጢስና በሙቀት ይባክናል። በመሆኑም ለ110 ግራሙ ከሰል 730 ግራም ያህል እንጨት ወድሟል፤ ይኸውም ሦስት ጉልቻው ከሚፈጀው ከእጥፍ በላይ ነው። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. የተስፋፋው «ላቀች» ምድጃ ከተራው ማንደጃ ከሰል እንደሚቆጥብ የታወቀ ነው። ሆኖም ብቃቱን 30 በመቶ ብናደርሰው እንኳ ከዛፉ ሲታሰብ 490 ግራም እንጨት ይጠይቃል።

ከዚህ የምንረዳው ብዙ ሰው ከእንጨት ወደ ከሰል መሸጋገርን እንደ ሥልጣኔ ቢቆጥረውም ጢሱን ከከተማ ወደ ገጠር ከማዛወር ያለፈ ነገር እንዳልተደረገ ነው። ደብረ ታቦር ውስጥ ያልታየው ጢስ ከሰሉ በተከሰለበት ጫካ ታይቷል።

በከሰል ላይ ሌላም ክስ አለን፤ ይህኛው በተለይ የኪራይ ቤት ያላችሁን ተማሪዎች ይመለከታል። በብርድ ሌሊት ማንደጃ ወደ መኝታ ክፍል አስገብቶ በር መዝጋት በደጋ አገር የተለመደ ነው። ፍሙ ጢስ ስለሌለው ጉዳት የለውም ይባላል። እውነቱ ግን ከፍሙ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የሌለው መርዝ መሆኑ ነው። ከደማችን ሄሞግሎቢን ጋር የሚያያዘው ከኦክስጂን ከ200 ጊዜ በላይ በበለጠ ኃይል ነው። አየሩ በሳሳበት ከፍታ ላይ አደጋው ይብሳል። ራስ ምታትና ድካም የተሰማው ተማሪ እንቅልፍ መስሎት ይተኛል፤ ላይነቃም ይችላል። ለቡና የሚነደው ከሰል በር ተከፍቶ ይነድድ፤ ማንደጃ ግን ፈጽሞ ከመኝታ ክፍል አይደር።

የእንጨቱም ጢስ ቢሆን የዋዛ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው በማብሰያ ጢስ ሳቢያ እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ 3.2 ሚሊዮን ሰዎች ሞተዋል፤ ከእነዚህም ከ237,000 በላይ የሚሆኑት ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ናቸው። በአገራችን በምድጃው አጠገብ የሚቀመጠው ማን እንደሆነ፣ በጀርባዋስ ማን እንደታዘለ ሁላችንም እናውቃለን።

ምጣዱ ይቅደም

በቤታችን ከሚነድደው ውስጥ ከግማሽ በላይ የሚሆነውን የሚወስደው እንጀራ መጋገር እንደሆነ ይገመታል። ስለዚህ ለውጥ የሚያስፈልገው መጀመሪያ ምጣዱ ነው። ከሲሚንቶና ከአሸዋ የሚሠራው «ምርጥ» ምድጃ እሳቱን ዙሪያውን ይዘጋዋል፤ ከምጣዱ ሥር የሚወጣውንም ትኩስ ጋዝ ከኋላ በተጣደ ድስት ሥር ያሳልፈዋል። በሙከራ እስከ ግማሽ የሚደርስ እንጨት እንደሚቆጥብ ተመዝግቧል። እርጥብ እንጨት በሚነድበትና አፉ በሚሰፋበት ማድቤት ቁጠባው ከዚህ ያንሳል። ቢሆንም በአካባቢው ባለሙያ የሚሠራ፣ ሽቦም ጄኔሬተርም የማይፈልግ በመሆኑ መብራት ላልደረሰው የፋርጣ ገበሬ ከዚህ የቀረበ መፍትሔ አናውቅም።

የኤሌክትሪክ ምጣድ ጢሱን ጨርሶ ያስወግዳል። ሸክላው ውስጥ በተጠማዘዘው የኒክሮም ሽቦ የሚሞቅ ሲሆን 3,500 ዋት ገደማ ይስባል፤ ይኸውም በ220 ቮልት 16 አምፔር ማለት ነው። ይህን ያህል ጅረት በቀጭን ሽቦና በላላ ሶኬት ማሳለፍ ቤት ያቃጥላል። መንደሩ ሁሉ በአንድ ሰዓት ሲጋግር ደግሞ ቮልቴጁ ይወርዳል። ኃይል ከቮልቴጅ ካሬ ጋር ስለሚመጣጠን 220 ቮልት ወደ 180 ቢወርድ የምጣዱ ኃይል ወደ ሁለት ሦስተኛ ይቀንሳል። እናቶቻችን «መብራቱ ደከመ» የሚሉት በዚህ ጊዜ ነው። ሊጡ ቢያምርም እንጀራው ዓይን አያወጣም። ሸክላ ለመሞቅም ለመቀዝቀዝም ዘገምተኛ ስለሆነ የሳምንቱን እንጀራ በአንድ ጊዜ መጋገርና የመጨረሻዎቹ ሁለት ሦስት እንጀራዎች ሲቀሩ ማጥፋት ይመረጣል።

ወጡስ?

ለወጥና ለሻይ የሚያገለግሉት የኤሌክትሪክ ምድጃዎች በዋናነት ሁለት ናቸው። አንደኛው ሽቦው ግሎ ድስቱን የሚያሞቀው የተለመደው ምድጃ ነው። ሁለተኛው ኢንዳክሽን የሚባለው ሲሆን ተለዋዋጭ መግነጢሳዊ መስክ በድስቱ መቀመጫ ላይ ጅረት ፈጥሮ ራሱን ድስቱን ያግለዋል። የፊተኛውን ብቃት 70፣ የኋለኛውን 85 በመቶ ብናደርገው ሁለቱን ሊትር ውኃ ለማፍላት የመጀመሪያው 0.25፣ ሁለተኛው 0.21 ኪሎ ዋት ሰዓት ይወስዳሉ። ልዩነቱ ትንሽ ነው። በአንጻሩ ኢንዳክሽኑ የሸክላ ድስትን፣ ጀበናንና ተራውን የአሉሚኒየም ብረት ድስት አያሞቅም፤ የሚያሞቀው ማግኔት የሚይዘውን ድስት ብቻ ነው። ገበያ ከመውጣታችን በፊት አንድ ማግኔት ይዘን የቤታችንን ዕቃ ብንፈትሽ ከኪሳራ እንድናለን። ገንዘቡ ለሌለው ቤት ተራው የሽቦ ምድጃ ምንም አያንሰውም። ትልቁ ዝላይ ከእሳት ወደ ኤሌክትሪክ መሻገሩ እንጂ ከአንዱ የኤሌክትሪክ ምድጃ ወደ ሌላው መሄዱ አይደለም።

በሲሊንደር የሚሸጠው ጋዝ ንጹሕና ፈጣን ነው፤ ነገር ግን ከውጭ በምንዛሪ የሚገባ ስለሆነ ለአብዛኛው ቤተሰብ አይደረስበትም። እ.ኤ.አ. በ2009 በተጀመረው ብሔራዊ ፕሮግራም አማራን ጨምሮ በአራት ክልሎች የተስፋፋው ባዮጋዝም መልካም ሐሳብ ነው። ሆኖም ሚቴን የሚያመርቱት ረቂቅ ተሕዋስያን ይበልጥ የሚሠሩት በ35 ዲግሪ አካባቢ ነው። በጉና ሥር ባሉ ቀበሌዎች ጉድጓዱ ስለሚቀዘቅዝ ምርቱ ያዘግማል፤ ለወይና ደጋው ይሻላል። ያም ሆኖ እበትን በኩበትነት ከማንደድ በእጅጉ ይበልጣል። ኩበት ሲነድ ናይትሮጅኑና ብስባሹ ከጢሱ ጋር ይጠፋሉ፤ ከባዮጋዝ የሚተርፈው ዝቃጭ ግን ወደ ገብሱና ወደ ድንቹ ማሳ ይመለሳል።

አቋማችን

የአገራችን ኤሌክትሪክ ከ90 በመቶ በላይ ከውኃ የሚገኝ ነው፤ 5,150 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ የተሠራው የዓባይ ግድብም በመስከረም 2025 እ.ኤ.አ. ተመርቋል። ከጉና የሚነሡት ጉማራና ርብ ወደ ጣና፣ ጣናም ወደ ዓባይ ይፈሳሉ። የጉና ሰው ዛፉን ቆርጦና ኩበቱን አንድዶ አፈሩን ለጎርፍ እየሰጠ፣ ከራሱ ተራራ የወረደው ውኃ ያመነጨው መብራት ግን ማድቤቱ ሳይደርስ ቢቀር ተገቢ አይደለም። ኃይሉ መመንጨቱ ብቻውን አይበቃም፤ ትራንስፎርመሩና የመንደሩ መስመር ምጣድ የሚሸከሙ መሆን አለባቸው።

ሆኖም ሁሉንም በመንግሥት ላይ ብቻ መጣል አይገባም። በብዙ ቤት የምታበስለዋ ሴት ገንዘቡን አትይዝም፤ ገንዘቡን የሚይዘው ደግሞ ጢሱን አይጠጣም። በዚህም የተነሣ ቴሌቪዥን ከምጣድ ቀድሞ ይገዛል። ይህን ሥርዓት መለወጥ የሚችለው በቤቱ ውስጥ የተማረው ልጅ ነው። ስለዚህ መብራት ባለበት ቤት በመጀመሪያ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከአስተማማኝ ሽቦ ጋር፣ ቀጥሎ ለወጥ ተራ የሽቦ ምድጃ፣ መብራት በሌለበት ደግሞ «ምርጥ» ምድጃና የጢስ መውጫ ያለው ማድቤት እንዲቀድሙ እንመክራለን። ከሰል ለቡና ብቻ ይቅር።

ውድ አንባብያን፣ ቁጥሮቻችንን ብቻ አምናችሁ እንዳትቀመጡ። በመጪው ዕረፍት ወደ ቤታችሁ ስትመለሱ ለአንድ ሳምንት የሚነድደውን እንጨት በሚዛን እየለካችሁ መዝግቡ፤ ማን እንደተሸከመው፣ ስንት ሰዓትም እንደፈጀበት ጻፉ። ከዚያም ወረቀቱን ለአባታችሁ አሳዩ። ወጡ ያው ወጥ ነው፤ የሚወዳደረው ከወጡ ውጭ ያለው ሁሉ ነው።