የሁለት ሰከንድ ፍርድ

አንድን ሰው ባየን በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሰከንዶች ስለ እርሱ ምን እንወስናለን? ውሳኔያችንስ ምን ያህል ይታመናል? ይህን ጥያቄ ለብዙ አንባቢ ያደረሰው ማልኮም ግላድዌል ነው። በእንግሊዝ ተወልዶ በካናዳ ያደገው ግላድዌል የዋሽንግተን ፖስት ጋዜጠኛ ነበረ። እ.ኤ.አ. በ1996 ወደ ኒው ዮርከር መጽሔት ከተዛወረ በኋላ፣ የሥነ ልቦና ጥናቶችን ለተራው ሰው በሚገባ ቋንቋ በመተረክ ታዋቂ ደራሲ ሆነ።

እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተመው «ብሊንክ» በተሰኘው መጽሐፉ፣ በቅጽበት የሚሰጥ ፍርድ አንዳንድ ጊዜ ከረጅም ምርመራ ሊበልጥ እንደሚችል ጻፈ። ብዙዎች «ስሜትህን እመን» እንዳላቸው ቆጠሩት። ነገር ግን በዚያው መጽሐፍ የአማዱ ዲያሎ ታሪክ አለ። ይህ ከጊኒ የመጣ ስደተኛ ወጣት እ.ኤ.አ. በ1999 በኒው ዮርክ፣ ብሮንክስ፣ በመኖሪያው ደጃፍ ሳለ አራት ፖሊሶች ተጠራጠሩት። የኪስ ቦርሳውን ሲያወጣ ሽጉጥ መሰላቸውና 41 ጥይት ተኩሰው ገደሉት። ምንም መሣሪያ አልያዘም ነበር።

ግላድዌል ራሱም ከስሕተት አላመለጠም። እ.ኤ.አ. በ2000 በወጣው የመጀመሪያ መጽሐፉ፣ በኒው ዮርክ ወንጀል የቀነሰው ፖሊስ ጥቃቅን ጥፋቶችን አጥብቆ በመቆጣጠሩ ነው የሚለውን አሳብ ደግፎ ነበር። በዚያች ከተማ መንገደኛን እያስቆሙ መፈተሽ እየበዛ ሄዶ፣ እ.ኤ.አ. በ2011 ብቻ ከ685 ሺህ ጊዜ በላይ ደረሰ። አብዛኞቹ ተፈታሾች ጥቁሮችና የላቲን አሜሪካ ተወላጆች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2013 አንዲት የፌዴራል ዳኛ አሠራሩ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብላ ፈረደች። ከዚያ በኋላ ፍተሻው እጅግ ቢቀንስም፣ የተፈራው የወንጀል መብዛት በተከታዮቹ ዓመታት አልመጣም። ግላድዌልም እ.ኤ.አ. በ2024 ተሳስቼ ነበር ሲል በሕዝብ ፊት ተናገረ።

ወገኖች ሆይ፣ ይህ ጉዳይ የፖሊስ ብቻ አይደለም። ነቢዩ ሳሙኤል እንኳ የኤልያብን ቁመና አይቶ የተቀባው እርሱ መስሎት ነበር። እኛስ? ሽማግሌ ስንመርጥ፣ አንዲትን እህት ከአገልግሎት ስንከለክል፣ ስለ ትዳር «ጌታ አሳየኝ» ስንል፣ በእርግጥ ያየነው የጌታን ፈቃድ ነው ወይስ የራሳችንን ምርጫና ጥላቻ? እኔ ራሴ አንድን ወጣት በአለባበሱ ብቻ ፈርጄ ከመዘምራን አግጄዋለሁ። ነገሩ ሲጣራ በደለኛው እኔ ሆኜ ተገኘሁ፤ ይቅርታም ጠየቅሁት።

በልባችን የመጣውን ሁሉ የመንፈስ ድምፅ ነው ከማለታችን በፊት እንመርምር፤ ባለ ጉዳዩን እንስማ፤ ሁለት ሦስት ምስክር እንጠይቅ። ተሳስተን ስንገኝም «ተሳስቻለሁ» ማለት አይክበደን። አንድ ደራሲ ለአንባቢዎቹ ያላፈረበትን እኛ ለወንድሞቻችን እንዴት እናፍርበታለን?

ጌታ ማስተዋልን ያብዛልን። አሜን።