ዶርም የተማሪው ቤት ነው



ምደባ ወጥቷል። በየቤታችን ብርድ ልብስ እየተጠቀለለ፣ የሎከር ቁልፍ እየተገዛ፣ ዳቦ ቆሎ እየተቆላ ነው። ደብረ ታቦር የደረሳቸው ልጆች ወፍራም ጃኬት ይጨምሩ፤ የጉና ብርድ ለፈጅር ዉዱእ የሚነሳን ሰው አይምርም። መስገጃውም ሻንጣው ውስጥ ከላይ ተቀምጧል። የት እንደሚዘረጋው ግን ለልጁ የነገረው የለም።

እኛም ከዓመታት በፊት ፍሬሽ ሆነን በገባንበት ግቢ ይህን ያወቅነው በመጀመሪያው ማታ ነበር። በተደራራቢ አልጋዎቹ መሐል ያለው ክፍተት አንድ ሰው ብቻ ያሳልፋል። መግሪብ ደርሶ መስገጃ ስንዘረጋ መተላለፊያው ተዘጋ። ክርስቲያን የዶርም ጓደኛችን ምንም ሳይናገር ጫማዎቹን ሰብስቦ ቦታ ለቀቀልን። በሁዳዴ እሱ ሌሊት ለቅዳሴ ሲነሳ መብራት ቢያበራ እኛም አላጉረመረምንም፤ በረመዷን ደግሞ ለሱሑር የሚቀሰቅሰን እሱ ሆነ። ችግራችን ከዶርም ጓደኛ አልመጣም።

በሁለተኛው ሳምንት አምስት ሆነን ከብሎኩ ጀርባ ዒሻን በጀመዓ ስንሰግድ ጥበቃ መጥቶ መታወቂያችንን ሰበሰበ። በማግስቱ ቢሮ ተጠርተን «ትምህርት ተቋም ውስጥ አምልኮ ክልክል ነው» ተባልን። መታወቂያው በሦስተኛው ቀን ተመለሰ። ከአምስታችን አንዱ ግን በዚያው ሳምንት ሻንጣውን ይዞ ወደ ገጠር ተመለሰ፤ ከቤተሰቡ ለመጀመሪያ ጊዜ ዩኒቨርሲቲ የገባው እሱ ነበር።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነጻ ይሁን ይላል። በዚህ እንስማማለን። መምህር ክፍል ገብቶ ቢሰብክ፣ ቁጥራችን አነስተኛ በሆነበት በደቡብ ጎንደር መጀመሪያ የምንጎዳው እኛው ነን። ዶርም ግን ክፍል አይደለም። ልጁ የሚተኛበት፣ ሲታመም የሚጋደምበት፣ የዓመቱን አብዛኛውን ወር የሚኖርበት ቤቱ ነው። በነጻ የተሰጠውም አይደለም! በ1996 የትምህርት ዘመን በተጀመረው የወጪ መጋራት ተማሪው የሚፈርመው የምግቡንና የመኝታውን ወጪ ሙሉ በሙሉ፣ የማስተማሪያውን ደግሞ በከፊል ሊከፍል ነው። ከትምህርቱ ይልቅ አልጋው ነው የራሱ። ኪራይ የሚቀበል አከራይ ተከራዩን በቤቱ እንዳይሰግድ ቢከለክለው ሰፈሩ ምን ይለዋል?

አንቀጽ 27 ሃይማኖትን በግልም ከሌሎች ጋርም የመተግበር መብት ይሰጣል። ገደብ ሊኖር ይችላል፤ ለጸጥታ፣ ለትምህርት፣ ለሌሎች መብት ሲባል፤ ግን በሕግ ነው። የጥበቃ ትእዛዝ ሕግ አይደለም። ደግሞስ ካፌው ረቡዕና ዓርብ የጾም ወጥ ይሠራ የለ? በብዙ ግቢዎች የሙስሊምና የክርስቲያን ሥጋ ለየብቻ ይቀርባል። ተገቢ ነው። በድስቱ ላይ የታወቀው እምነት መስገጃው ላይ ሲደርስ ለምን ወንጀል ይሆናል?

የራሳችንንም እንናገር። ነገ ፈተና ያለበት ልጅ በተኛበት ክፍል የስልክ አዛን እስከ ጥግ ከፍቶ መተው ሐቅ መጋፋት ነው። የዚህ ዓይነት ቅሬታ ሰምተናል፤ እውነትም ነበር።

ደብረ ታቦር ለሙስሊም ልጅ ባዕድ አገር ናት ብሎ የሚያስፈራራ ካለ፣ ከተማዋን መናገሻ ያደረጉት የየጁው ራስ ጉግሣ የዘር ሐረጋቸው ከሙስሊም ቤት እንደሚመዘዝ ይንገሩት።

ጀመዓዎች ሆይ! ከጎንደርም ከባሕር ዳርም የሚመጣው መኪና ወረታ ላይ ተገናኝቶ ነው ወደ ደብረ ታቦር የሚወጣው። በምዝገባው ቀናት መናኸሪያ ላይ ሁለት ወንድሞችና ሁለት እኅቶች ይቁሙ፤ የልጆቹን ስልክ ይመዝግቡ፤ በመጀመሪያው ጁሙዓ መስጊዱን ያሳዩአቸው። የመስገጃ ቦታ ጥያቄ በተማሪዎች ፊርማ፣ በተማሪዎች ኅብረት በኩል፣ በጽሑፍ ይግባ፤ ቅጂው በመስጊዱ ኮሚቴ እጅ ይቀመጥ። መታወቂያ የተወሰደበት ልጅ ሳይጨቃጨቅ ምክንያቱን በጽሑፍ ይጠይቅ፤ በዚያው ምሽትም ለመስጊዱ ይደውል። ሻንጣውን ከማሰሩ በፊት።