የአሳዳጊ ስምና የትምህርት ቤት መዝገብ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በዘመድ ቤት ያደጉ ብዙ ወጣቶች ትምህርት ቤት የገቡት በአሳዳጊያቸው ስም ነው። አድገው በቀድሞው የትምህርት ማስረጃቸው ላይ የወላጅ አባታቸውን ስም ለማስተካከል ሲነሡ «ያሳደገህን ካድህ» የሚል ወቀሳ ይገጥማቸዋል። ወቀሳው ተገቢ አይደለም።

ጌታችን ከእመቤታችን ያለ አባት ተወለደ፤ ሕዝቡ ግን የዮሴፍ ልጅ ይመስላቸው ነበር። ወንጌላዊው ሉቃስ በምዕራፍ 3 የትውልድ ሐረጉን ሲጽፍ ይህ የሰዎች ግምት መሆኑን ለይቶ አመልክቷል። በዚህም የአረጋዊው ዮሴፍ ክብር አልጎደለም፤ ቤተ ክርስቲያናችን ሐምሌ 26 ቀን ዕረፍቱን ታስባለች። እንግዲህ እውነትን መመዝገብ ውለታን መካድ አይደለም።

መንገዱ ግን የቀና ይሁን። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የቤተሰብ ስም የሚለወጠው በፍርድ ቤት ፈቃድ እንደ ሆነ ደንግጓል። በሐሰት ምስክር ወይም በተፋቀ ሰነድ እውነተኛ ስምን መፈለግ ግን ኃጢአት ነው።

ወጣቱም ወደ ፍርድ ቤት ከመሄዱ በፊት ወደ አሳዳጊው ይሂድ፤ አሳዳጊው ነገሩን ከሌላ ሰው አይስማ፤ መርቆም ይሸኘው። ስሙ ከመዝገቡ ቢወጣም፣ ልጁ በክርስትና ስሙ ዘወትር በጸሎት ያስበው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።