መንገዱ የሚዘጋው ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት ነው?

ኪጋሊ ከመስከረም 11 እስከ 18/2018 ዓ.ም የዓለም የጎዳና ብስክሌት ሻምፒዮናን አስተናግዳለች፤ በአፍሪካ የመጀመሪያው ነው። ውድድሩ ከተማውን ስለሚያቋርጥ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፣ የመንግሥት ሠራተኞች ከቤት እንዲሠሩ ተነገራቸው፣ የሚዘጉት መንገዶችና ተለዋጮቹም ቀድመው ታወቁ። በመስቀል ማግስት ወንዶቹ 267.5 ኪሎ ሜትር ጋልበው ፖጋቻር አሸነፈ። እኛን የያዘን ግን የኪጋሊ ሾፌር ነው፤ በየት እንደሚዞር ያውቅ ነበር።

ወደ ራያ እንምጣ። ወልድያ፣ ጎብዬ፣ ሮቢት፣ ቆቦ፣ ዋጃ፣ አላማጣ፦ ሁሉም በአንድ አስፋልት ላይ ናቸው። ሜዳው ለብስክሌት የተሠራ ነው የሚመስለው። ግን እንዲህ ያለ ውድድር ቢመጣ መኪናው በየት ይዞራል? አዲስ አበባ በታላቁ ሩጫ እሁድ ጠዋት መስቀል አደባባይ ሲዘጋ፣ ሾፌሩ ሁለት ሰፈር ዞሮ ይወጣል። ከቆቦ መቀሌ የሚሄድ ሰው ግን ልዙር ካለ ወደ ኋላ ተመልሶ በሌላ ረጅም መስመር ነው። ይሄ መዞር አይባልም፣ ሌላ ጉዞ ነው።

ስለዚህ እዚህ ሾፌር የሚያስፈልገው ሰዓት ነው። ከጠዋቱ 2 እስከ 6 ዝግ ነው ከተባለ፣ ቲማቲም የጫነው አይሱዙ ሌሊት 10 ሰዓት ይነሳል። ወልድያ ሆስፒታል ቀጠሮ ያለው ታማሚ በዋዜማው ሄዶ ያድራል፤ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። (ምጥ ቀጠሮ የለውም፤ ለአምቡላንስ መስመር መተው የግድ ነው።)

መዘጋት ለእኛ ብርቅ አይደለም። በሰሜኑ ጦርነት ከቆቦ ወደ ሰሜን ለወራት ተዘግቶ ነበር፤ ከዚያ በኋላም በክልሉ ግጭት መንገድ ሲዘጋ ሲከፈት አይተናል። ያኔ መረጃው ያለው ሾፌር ጋ ነው፦ «ሮቢትን አልፈሃል? ኬላው ላይ መኪና ቆሟል?» መናኸሪያ ስንደርስ «ተከፍቷል አሉ» እንባላለን። «አሉ»ን ይዘን እንሳፈራለን። ቲማቲም ግን «አሉ» አይገባውም፣ በቆላ ፀሐይ ይፈሳል።

ለውድድር፣ ለሰልፍ ወይ ለጥገና የሚዘጋ መንገድ ከየት እስከ የት፣ ከስንት እስከ ስንት ሰዓት እንደሆነ ቢያንስ ከሁለት ቀን በፊት በመናኸሪያ ድምፅ ማጉያና በቴሌግራም መነገር አለበት እንላለን። የፀጥታው መዘጋት ቀድሞ አይነገር ይሆናል፤ መንገዱ የተከፈተበትን ሰዓት መንገር ግን ማንንም አያስቸግርም።