ሞተር ሳይክሉ በጠዋት ሲለግም

ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ነው። ልጅ ቦርሳውን አንግቶ፣ ሄልሜቱን ደፍቶ ደጃፍ ላይ ቆሟል። እናት ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ሥራ ገበታዋ ላይ ለመገኘት ሞተር ሳይክሉን ትረግጣለች። አንዴ፣ ሁለቴ፣ አሥር ጊዜ። ሞተሩ ያጉረመርምና ዝም ይላል። ጎረቤት ከአጥሩ ማዶ «ባትሪው ሞቶ ነው» ይላል፤ መንገደኛው «ካርቦራቶሩ ቆሽሾ ነው» ይላል፤ ሌላው ደግሞ ገፍቶ ለማስነሳት እጅጌውን ይሰበስባል። ምክሩ ብዙ ነው፤ ሰዓቱ ግን አይጠብቅም።

ውድ አንባቢ፣ እንዲህ ያለው ጠዋት በእርስዎም ደጅ ደርሶ ይሆናል። እንደ ሐዋሳ ባሉ ከተሞች ሞተር ሳይክል ለብዙ ቤተሰብ መመላለሻም እንጀራም ነው። የዛሬው ጽሑፋችን ዓላማ እርስዎን መካኒክ ለማድረግ ሳይሆን፣ ሞተሩ እምቢ ሲል በየትኛው በኩል እንደ ታመመ ለይተው እንዲያውቁ ለመርዳት ነው።

የምናውቃቸው አንዲት የሁለት ልጆች እናት እንጀራ እየጋገሩ በሞተር ሳይክል ለሱቆች ያከፋፍላሉ። አንድ ቅዳሜ ጠዋት እንጀራው ተጭኖ ሞተሩ አልነሳም አለ። ማስነሻው ቢጫኑት ድምፅ የለውም፤ ቢረግጡትም ምላሽ የለም። በጋሪ ተጭኖ ጋራዥ ሄደ። «ባትሪው አልቋል» ተባሉ፤ ለጤፍ ያስቀመጡትን ገንዘብ አውጥተው አዲስ ባትሪ ገዙ። ሳምንት ሳይሞላ ሞተሩ እንደገና ለገመ። በዚህን ጊዜ አንድ አዛውንት ጎረቤት ቀረብ ብለው በመሪው ቀኝ እጀታ ላይ ያለችውን ቀይ ማጥፊያ ወደ ቦታዋ መለሷት። ሞተሩ በመጀመሪያው ሙከራ ተነሣ። ትንሹ ልጃቸው ኮርቻው ላይ ተቀምጦ «ሹፌር ሹፌር» ሲጫወት ቀይዋን እንደ ነካት፣ ባለፈው ቅዳሜም እንዲሁ አድርጎ እንደ ነበር ተናዘዘ።

ወይዘሮዋን ያበሳጫቸው የገንዘቡ መጥፋት ብቻ አልነበረም። በዚያ ቅዳሜ የፊት መብራቱ ደህና ይበራ ነበር፤ ክላክሱም እንደ ወትሮው ይጮኽ ነበር። ይህ ባትሪው እንዳልሞተ የሚናገር ምልክት ነበር፤ ነገር ግን የምልክቱን ትርጉም የነገራቸው ሰው አልነበረም።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» እንደሚባለው ነገሩን ከሥሩ እንመልከተው። ከሰል ለማቀጣጠል ከሰሉ፣ ነፋሱና ክብሪቱ እንደሚያስፈልጉ ሁሉ ሞተርም ለመነሣት ሦስት ነገሮች ይፈልጋል። አንደኛው በልክ የተደባለቀ ቤንዚንና አየር ነው። ሁለተኛው ድብልቁን የሚያቀጣጥለው የኤሌክትሪክ ብልጭታ ነው። ሦስተኛው ድብልቁን በሲሊንደሩ ውስጥ አፍኖ የሚጨቁነው እመቃ ነው። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ሞተሩ አይነሣም። ስለዚህ ምርመራ ማለት የትኛው እንደ ጎደለ ማወቅ ማለት ነው።

«ይህ የሴት ሥራ ነውን?» የሚል ካለ መልሱ በመኪና ታሪክ መጀመሪያ ላይ ይገኛል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1888 በርታ ቤንዝ የተባለች ጀርመናዊት እናት፣ ባለቤቷ ካርል ቤንዝ የሠራውን ባለ ሦስት እግር አውቶሞቢል ይዛ ከሁለት ወንዶች ልጆቿ ጋር ከማንሃይም ወደ ፎርትስሃይም፣ ወደ እናቷ ቤት ተጓዘች። መንገዱ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የነዳጁ ቱቦ ሲደፈን በባርኔጣዋ መርፌ እንደ ከፈተችው፣ የኤሌክትሪኩ ሽቦ ሲላጥም በካልሲ ማሰሪያዋ እንደ ሸፈነችው ይነገራል። ከእርስዋ በፊት በእንዲህ ዓይነት አውቶሞቢል ያን ያህል ርቀት የተጓዘ ሰው እንዳልነበረ ይነገራል።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ።

በመጀመሪያ ወጪ የሌለበትን ይመልከቱ። ቁልፉ በትክክል ዞሯል ወይ? ቀይዋ ማጥፊያ በቦታዋ ናት ወይ? ማርሹ ዜሮ ላይ ነው ወይ? በአንዳንድ ሞተሮች ፍሪሲዮን ካልተያዘ ወይም የጎን መቆሚያው ካልታጠፈ ሞተሩ እንዳይነሣ ተደርጎ የተሠራ ነው። የቤንዚን መክፈቻው ተዘግቶ ይሆን? ቤንዚኑ ዝቅ ካለ መክፈቻውን ወደ መጠባበቂያው ያዙሩት። ይህ ሁሉ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

ቀጥሎ ባትሪውን ይጠይቁት። ማስነሻውን ሲጫኑ «ቀጭ ቀጭ» ብቻ ካለ ወይም ሞተሪኖው እየተጎተተ ከዞረ፣ መብራቱም ከደበዘዘ፣ ባትሪው ደክሟል ወይም የሽቦው ማያያዣ ቆሽሿል። በማያያዣው ላይ ነጭ ወይም አረንጓዴ ዱቄት ካዩ ቁልፉን አጥፍተው መጀመሪያ የኔጌቲቩን፣ ቀጥሎ የፖዘቲቩን ሽቦ ይፍቱ። ለብ ባለ ውኃ በተበጠበጠ ቤኪንግ ሶዳና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ይጥረጉት፤ ያድርቁት። ሲመልሱ ግን ፖዘቲቩ ይቀድማል። የባትሪው ፈሳሽ አሲድ ስለሆነ ከዓይንና ከልብስ ይጠንቀቁ። ባለ 12 ቮልት ባትሪ ሞልቶ ሲያርፍ 12.6 ቮልት ያህል ያሳያል፤ ከ12 በታች ከወረደ ቻርጅ መደረግ አለበት። አዲስ ከመግዛት በፊት ይህን ማስለካት ተገቢ ነው። ባትሪው ደህና ሆኖ ምንም የሚበራ ነገር ከሌለ ፊውዙ ተቃጥሎ እንደሆነ ይዩ።

ሞተሪኖው በደንብ እየዞረ ሞተሩ ካልተነሣ ወደ ቤንዚኑ ይሂዱ። ታንኩን ነቅነቅ አድርገው ድምፁን ያዳምጡ። የታንኩን ክዳን ሲከፍቱ «እስስ» ብሎ አየር ከሳበ፣ በክዳኑ ላይ ያለችው የአየር ቀዳዳ ተደፍና ቤንዚኑ እንዳይወርድ ከልክላው ይሆናል። ሞተሩ ለወራት ቆሞ ከነበረም ቤንዚኑ አርጅቶ ካርቦራቶሩ ውስጥ ዝቃጭ ይተዋል፤ ያን ጊዜ አሮጌውን ማስወጣትና ካርቦራቶሩን ማስጠረግ ያስፈልጋል።

በብርድ ጠዋት ቾክ መጠቀም ደግ ነው፤ ሞተሩ ሲሞቅ ግን መመለስ አለበት። ብዙ ከረገጡት በኋላ የቤንዚን ሽታ ካወደዎት ሞተሩ ጠጥቷል ማለት ነው። በቾክ ላይ ቾክ መጨመር ያባብሰዋል። ቾኩን መልሰው ጥቂት ደቂቃ ይጠብቁ፤ ከዚያም የቤንዚን መስጫውን እስከ መጨረሻው ከፍተው ደጋግመው ይርገጡት። ከመጠን በላይ የገባው ቤንዚን በአየሩ ይወጣል።

ከዚህ በኋላ ካንዴላውን ይጠይቁ። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ካንዴላው ይነቀልና ጫፉ ይታይ። ፈዘዝ ያለ ቡናማ ከሆነ ጤና ነው። በደረቅ ጥላሸት ከጠቆረ ቤንዚኑ በዝቷል ወይም አየሩ አንሷል። በቤንዚን ከራሰ ቤንዚኑ እየደረሰ ሳይቀጣጠል ቀርቷል። ዘይት ከቀባው ደግሞ ዘይት ወደ ሲሊንደሩ እያለፈ ነውና ለባለሙያ ይንገሩ። የጫፉ ክፍተት ለአብዛኞቹ ትንንሽ ሞተሮች ከ0.6 እስከ 0.8 ሚሊ ሜትር ነው። ብልጭታውን ለመሞከር ካንዴላው ከገመዱ ጋር ይያያዝና ብረቱ የሞተሩን አካል አስነክቶ ሞተሩ ይረገጣል፤ ጠንካራ ሰማያዊ ብልጭታ መታየት አለበት። ይሁን እንጂ የካንዴላው ቀዳዳ በጨርቅ ሳይሸፈን፣ የፈሰሰ ቤንዚን ሳይጠረግ አይሞከርም። ካንዴላውንም በባዶ እጅ መያዝ ያስነዝራል። እርግጠኛ ካልሆኑ ይህን ለመካኒኩ ይተዉለት።

የአየር ፊልትሮውንም አይርሱ። በአቧራ የተሞላ ፊልትሮ ሞተሩን ያፍነዋል። ስፖንጅ ከሆነ በሳሙና ውኃ ይታጠብ፤ ጥላ ላይ ይድረቅ፤ ጥቂት የሞተር ዘይት ይቀባ። ወረቀት ከሆነ ይራገፋል እንጂ አይታጠብም። ከቆላ መጥቶ ደጋ ላይ የሚሠራ ሞተርም ካንዴላው ቶሎ ቢጠቁር አይደነቁ። እንደ ደብረ ብርሃን ባለ፣ ከባሕር ወለል 2,800 ሜትር ያህል ከፍ ባለ ቦታ አየሩ ስስ ስለሆነ ካርቦራቶሩ እንደገና መስተካከል ያስፈልገዋል።

በመጨረሻ፣ የእግር ማስነሻው ያለ ምንም ግፊት እንደ ላላ ነገር ከወረደ እመቃው ደክሟል ማለት ነው። ይህ የቫልቭ ወይም የፋሻ ጉዳይ ሊሆን ስለሚችል ለጋራዥ እንጂ ለደጃፍ ሥራ አይሆንም። ካርቦራቶር በሌላቸው አዳዲስ ሞተሮችም የቤንዚን ፓምፑ የሚሠራው በኤሌክትሪክ ነው፤ ቁልፉ ሲዞር የፓምፑን ቀጭን ድምፅ ያዳምጡ። ባትሪው ፈጽሞ ከሞተ አብዛኞቹን ገፍቶ ማስነሳት አይቻልም፤ ጉልበት አይጨርሱ።

እዚህ ላይ እናቶች በጥብቅ ሊያስቡበት የሚገባ ነገር አለ። ከካርቦራቶር የወጣ ቤንዚን በሃይላንድ ጠርሙስ ተሞልቶ በጓዳ መቀመጥ የለበትም። የተጠማ ልጅ ጠርሙሱን እንጂ በውስጡ ያለውን አይለይም። ልጅ ቤንዚን ቢጠጣ ለማስመለስ አይሞክሩ፤ ቤንዚኑ ሲመለስ ወደ ሳንባ ገብቶ የባሰ ጉዳት ያደርሳል። ጠርሙሱን ይዘው ወዲያውኑ ወደ ሐኪም ቤት ይሮጡ። ሞተር የሚፈታበት ቦታ ከከሰል ምድጃ፣ ከሲጋራና ከሻማ የራቀ ይሁን። ሞተሩንም በተዘጋ ክፍል ውስጥ አስነሥተው አይተዉት፤ ከማርሚታው የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ሰው ይገድላል።

ጋራዥ መሄድ ግድ ሲሆን ደግሞ «አልነሳ አለኝ» ብለው ብቻ አይግቡ። «ሞተሪኖው ይዞራል፤ ቤንዚን ይደርሳል፤ ካንዴላው ግን ርሷል» ብለው ይግቡ። ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሚታ የሚሉት ስሞች ከጣሊያንኛ የወረስናቸው ናቸው እንጂ ከአሥር ቃል የማይበልጥ ጥናት ነው። ዕቃ ይቀየር ከተባለ ምክንያቱን ይጠይቁ፤ አሮጌውን ዕቃ ይቀበሉ፤ ቀኑንና ዋጋውን በደብተር ይጻፉ። ቅን ባለሙያ በዚህ አይቀየምም፤ እንዲያውም ሥራው ይቀልለታል።

እንጀራ አከፋፋይዋ ወይዘሮ ዛሬ እንዲህ ዓይነት ደብተር አላቸው። ትንሹ ልጃቸውም አዲስ ኃላፊነት ተሰጥቶታል። በየጠዋቱ እናቱ ሞተሩን ከመርገጣቸው በፊት «ቀይዋ በቦታዋ ናት!» ብሎ የሚያስታውቀው እርሱ ነው።